ያልተዘጋው ዱዓ

«በአሁኑ ሰዓት ከቤተሰቡ በዚህ ግቢ የሚኖር የለም» የሚለው የቶፊቅ ድምፅ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሲገባ፣ አክስቱ ዘይቱና ማድ ቤቱ ውስጥ ለእህቷ አጥሚት እያማሰለች ነበር። ማማሰያውን ከድስቱ አላቀቀችና አየር ላይ ይዛው ቀረች። እንጨት ብረት ሲነካ ይሰማል፤ ከተሰማ ሰው አለ ማለት ነው፤ ሰው ካለ ደግሞ የቶፊቅ ነገር አበቃለት። ፍራሹ ላይ የተጋደመችው ታላቋ ረቢአ ሳሉ ሲመጣባት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችና ዓይኖቿ እንባ እስኪሞሉ ታገለችው። ከውጭ አንዲት ሴት፣ ከአነጋገሯ የአዲስ አበባ ሰው፣ ይቺኛዋ ክፍልስ ምንድን ናት ብላ ጠየቀች። መጋዘን ናት፣ አሮጌ ዕቃ ነው ያለባት አላት ቶፊቅ። ኮቴው ወደ ሰገነቱ በኩል ራቀ። ረቢአ ነጠላውን አውጥታ እስኪወጣላት ሳለችና ትንፋሿ ሲመለስ «አሮጌ ዕቃስ እውነቱን ነው፤ ልጁ አይዋሽም» አለች።

ቶፊቅ የሟች ወንድማቸው ልጅ ነው፤ የዚህ ቤት ወራሽ የነበረ፣ አሁን ደግሞ የሙዚየሙ ኃላፊ። ቤቱን ያሠሩት አባታቸው ሐጂ ሙሐመድ ይመር ናቸው፤ ከጨፋ ሸለቆ ከብት ሲያስነዱና እህል ሲያስጭኑ የኖሩ ነጋዴ። የድንጋይና የጭቃ ቤት ነው፤ የእንጨት ሰገነት አለው፤ ከሚሴን ሰንጥቆ ወደ ደሴ በሚወጣው መንገድ ዳር በመሆኑ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ቅርስ ነው ተብሎ ሙዚየም ሊሆን ሲል ለሁለቱ እህቶች ምትክ ቤት ይሰጣቸዋል ተባለ። ምትኩ ዛሬም በመምጣት ላይ ነው። ቶፊቅ ግን ምርቃቱ እንዳይዘገይበት ቤቱ ተለቋል ብሎ ለበላዮቹ አሳወቀ፤ አክስቶቹን ወደ ማድ ቤቱ አዛወረና በሩ ፊት የሙዚየሙን ትልቅ ባነር ወጠረበት። ባነሩ ላይ አባታቸው ከነቆባቸው፣ ከነሽርጣቸው ቆመዋል። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ከማድ ቤቱ ለመውጣትና ለመግባት የአባታቸውን ሽርጥ ጫፍ ገለጥ አድርገው ያልፋሉ።

ረቢአን የደሴ ሐኪሞች ወደ ቤቷ ውሰዷት ካሉ ወዲህ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ሆኗል። የአዳራሹ መካከል ላይ የዋንዛ ምሰሶ አለ። አባታቸው በሕይወት ሳሉ በየሐሙሱ እዚያ ወዳጃ፣ የጋራ ዱዓ፣ ይቀመጡ ነበር፤ ከጨፋ ሮቢትም፣ ከቆላውም፣ ከደጋውም ሰው ይመጣል፣ ጫቱ ይመረቃል፣ የታመመው ምሰሶው ስር ጀርባውን አስደግፎ ይቀመጣል፣ ሁሉም መዳፉን ይዘረጋል። ሐጂ ደንብ ነበራቸው፤ ፋቲሃ፣ የቁርአኑ መክፈቻ ምዕራፍ፣ ተቀርቶ ዱዓው ሳይዘጋ ማንም ከቦታው አይነሳም። የተነሳ ካለ ያው የተነሳው ሰው ተመልሶ ይቀመጥና ራሱ ፋቲሃውን ይቀራል እንጂ ሌላ አይዘጋለትም። አንድ ጊዜ የወረዳው ገዥ ቸኩለው ቢነሱ በኮታቸው ጫፍ ጎትተው አስቀምጠዋቸዋል፤ ገዥውም እንደ ደረሳ፣ እንደ ቁርአን ተማሪ፣ አንገታቸውን ደፍተው ፋቲሃውን ቀርተዋል። ረቢአ በልጅነቷ ፈንጣጣ የያዛት ጊዜ እዚያ ምሰሶ ስር ተቀምጣ ነው የዳነችው። አሁን እንደማትድን ታውቃለች። «ለመዳን አይደለም» ትላለች። «እዚያ ሆኜ አሚን ሲባልልኝ ሰምቼ ልሂድ።» ዘይቱና ይህንን ለቶፊቅ ስንት ጊዜ ነግራዋለች። ምሰሶው ግን አሁን በገመድ ታጥሯል፣ «አይንኩ» የሚል ወረቀትም አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎበታል። ቶፊቅ ደንቡ አይፈቅድም ይላታል። የማን ደንብ እንደሆነ አይናገርም፤ እሷም አትጠይቀውም፤ ሁለቱ እንዲህ ሲሆኑ መሬት ላይ የሆነ ነገር እንደጠፋባቸው ሰዎች ወደ ታች ያያሉ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ቶፊቅ የአያቱን ሽርጥ ገልጦ በሩ ላይ ቆመ። ወደ ውስጥ አልገባም፤ ገብቶም አያውቅ። ክራቫት አድርጓል፣ ፊቱ አልቧል። የደረቱን ባጅ እየነካካ ስለ ሙቀቱ አወራ፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ አወራ፣ አክስቱ ረቢአ ዛሬ ደህና መምሰሏን ተናገረ። ረቢአ እስኪጨርስ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀችው። ከዚያ የመጣበትን ተናገረ። ዛሬ በአዳራሹ የሕዝብ ንግግርና የባህል ቀን አለ፤ ከዩኒቨርሲቲ ምሁር መጥቷል፣ የዞን ኃላፊዎች ይመጣሉ፣ ከንግግሩ ቀጥሎ ደግሞ ወዳጃ በተግባር ይቀርባል ተብሎ ተጽፏል። ወዳጃውን ሊያቀርብ የነበረው የኪነት ቡድን በአበል ተጣልቶ ቀርቷል። ቡድኑ ሦስት ጊዜ ተለማምዶ ነበር፤ ዱዓ አድራጊው ጺም ሳይቀር ተሠርቶለት ነበር። አሁን የቀረው የእውነቶቹን መፈለግ ነው።

«አክስቴ» አለ ቶፊቅ ለዘይቱና፣ «እነ አዴ አሻን ታመጪልኛለሽ?»

አዴ አሻ የዱበርቲዎቹ፣ ለዱዓ የሚሰባሰቡት የከተማው ሴቶች፣ መሪ ናቸው። ዘይቱና ድስቱን አወረደች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ቀና ብላ አየችው። «ረቢአ ምሰሶው ስር ትቀመጣለች» አለችው።

ቶፊቅ ወደ ግቢው በር ዞር ብሎ አየ። እንግዶቹ ማን ናት ቢሉስ?

«የኪነት ቡድን ናት በላቸው» አለች ረቢአ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ዘይቱና ባጃጅ ይዛ ገበያ ወረደች። የገበያ ቀን ስለሆነ ባጃጁ የሁለት ብሩን መንገድ አምስት አላት፤ ሌላ ቀን ብትሆን ወርዳ በእግሯ ትሄድ ነበር። በርበሬ ተራ ደረሰች። አዴ አሻን እንደልማዳቸው ከሚዛናቸው ኋላ፣ ለደንበኛው በአማርኛ ዋጋ እየጠሩ ከጎናቸው ካለችው ሴት ጋር በኦሮምኛ እየተሳሳቁ አገኘቻቸው። «አከም ቡልተኒ፣ አዴ» አለቻቸው። ነጉማ፣ ደህና ነን፣ ብለው አጠገባቸው አስቀመጧት፤ የረቢአን ነገር ጠየቁ። ዘይቱና የመጣችበትን ስትነግራቸው አዳመጡና ሚዛኑን በጨርቅ ሸፈኑት።

«ለማን ነው ዱዓው? ለሰው ነው ለካሜራ?»

«ለረቢአ ነው፣ አዴ።»

«እንግዲያው እንመጣለን» አሉ፣ ጉልበታቸውን ይዘው እየተነሱ።

አዳራሹ በፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል። ምሰሶው ላይ «ወዳጃ እና ማኅበራዊ ካፒታል፦ ትናንት፣ ዛሬ፣ ነገ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ጽሑፉ ረጅም ስለሆነ ምሰሶውን ዞሮ «ነገ» ከኋላ በኩል ቀርታለች። ቶፊቅ ጫት በመንግሥት ቤት አይገባም ስላለ አንድ እስር ብቻ ለእይታ በመስታወት ሣጥን ተቀምጧል፤ ከስሩ «ባህላዊ ተክል» ይላል። ዱበርቲዎቹ ምንጣፍ ላይ፣ ከወንበሮቹ ፊት፣ ተደርድረው ተቀመጡ። ረቢአን ሁለት የሰፈር ጎረምሶች በቃሬዛ አምጥተው በአዳራሹ የጎን በር መተላለፊያው ላይ አኖሯት፤ ተራዋ ሲደርስ ትገባለች። ዘይቱና አጠገቧ ቁጢጥ አለች። መተላለፊያው ውስጥ ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ የአባታቸው ምርኩዝ፣ የእናታቸው ጋን፣ አንድ የተጣጠፈ መቀነት። ረቢአ መቀነቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቢልኝ አለች። ዘይቱና በልጅነቷ በቆጠረችው ፊደል እየተንተፋተፈች አነበበችላት፤ የሴት መቀነት፣ ባለቤቷ ያልታወቀ።

«ባሌን ጥዬ የመጣሁ ዕለት ታጥቄው የነበረ ነው» አለች ረቢአ። «ሳልታወቅ መቅረቴ ይሻላል።»

የዞኑ ኃላፊ ቀኑን በንግግር ከፈቱ። ሌላው ኃላፊ የኃላፊውን ንግግር አመሰገኑ። ከዚያ የዩኒቨርሲቲው ምሁር፣ ዶክተር አብዱልጀሊል፣ ወረቀቱን ይዞ ተነሳ፤ ወጣት ነው፣ ቀጭን። ዘይቱና የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ብዙ አልገባትም። ስለ መስተጋብር ተናገረ፣ ስለ እሴት ተናገረ። ቀጥሎ ግን ወረቀቱን አስቀመጠና አያቱ ስለነገሩት ስለዚህ ቤት ማውራት ጀመረ። ሐጂ ሙሐመድ የታመመ ሰው ሲመጣባቸው መጀመሪያ ስሙን ሳይሆን በልቶ እንደሆነ ይጠይቁት እንደነበር ተናገረ። እውነት ነው፤ «በልተሃል ወይ» ነበር የሚሉት። ዘይቱና የአባቷን ድምፅ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሰው አፍ ሰማችና እንባዋ መጣ። ረቢአም እጇን ያዘቻት። ከዚያ ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የእውነትም አዝኖ፣ ይህ ልማድ ግን ዛሬ ከዚህ ቤት ጠፍቷል፣ የሚያስታውሱትም አልፈዋል አለ። ከፊቱ ምንጣፉ ላይ ዱበርቲዎቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ጥያቄና መልስ ተከተለ። አንድ ሰው ጥያቄ የለኝም ብሎ ጀመረና ረጅም ጊዜ ተናገረ። ፀሐይዋ መተላለፊያው ድረስ ገብታ የቃሬዛውን እግር ያዘች፤ ዘይቱና ረቢአን በጥላው በኩል ጎተተቻት። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፣ ከንጋቱ ሶላት፣ ከፈጅር፣ ጀምራ የምትለውን ሸሃዳዋን፣ የእምነት ቃሏን፣ ግን አላቋረጠችም። መሃል ላይ ቆም አድርጋ «ለመሞትም ወረፋ አለው» አለች። ዘይቱና ሳቀች። መሳቋ እንዳይሰማባት አፏን ያዘች፤ እንዲያ ማድረግ ለሁለቱም ልማድ ሆኗል።

በመጨረሻ ተጠሩ። ገመዱ ተነሳ፣ ረቢአ ምሰሶው ስር ተቀመጠች፣ ጀርባዋ ዋንዛውን ነካ። ዘይቱና ያኔ ፊቷን አየችው፤ የሆነ ነገር ከፊቷ ላይ ለቀቀ። አዴ አሻ መዳፋቸውን ዘረጉ። መጀመሪያ ለአገሩ ለመኑ፣ ለዝናቡ፣ ለቦርከና ውኃ፣ ለመንገደኛው፣ ለእስረኛው፤ አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ እያሉ፣ ሴቶቹም አሚን እያሉ ከፍ፣ ከፍ አለ። ካሜራ የያዘው ሰው በምንጣፉ ላይ ጫማውን እንዳደረገ ተሻገረና ሕመምተኛዋን ትንሽ ወደ ብርሃኑ ብሎ ጠየቀ። ማንም አልሰማውም። ወንበር ላይ ከተቀመጡትም አንዳንዱ እጁን ዘርግቷል፤ ዶክተሩ ዘርግቷል፣ አንዲት ጸሐፊም ዘርግታለች። አዴ አሻ ወደ ረቢአ ዞሩ። ስሟን ከነአባቷ ጠሩት። «ረቢ ሲ ሃፈይሱ» አሉ፤ ጌታዬ ያሽርሽ። «ካላሻረሽም በለመለመው ያኑርሽ። የልጅነት ቤትሽን እንዳልነሳሽ የኋላውንም ቤትሽን አይንሳሽ።» አሚን አሉ ሴቶቹ። ረቢአም አሚን አለች፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ። የቀረው ፋቲሃው ነበር። አዴ አሻ ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም አሉ።

ያቺን ዝምታ ቶፊቅ ያለቀ መሰለው። ምሳው ሆቴል ተዘጋጅቷል፣ ኃላፊው ሰዓታቸውን ሁለቴ አይተዋል፤ ማይኩን አነሳና «እጅግ ድንቅ ትዕይንት ነበር፤ በሞቀ ጭብጨባ እናመስግናቸው» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሰው ሲጨበጨብ ያጨበጭባል፤ እጃቸውን ለዱዓ ዘርግተው የነበሩት ሳይቀሩ በዘረጉት እጃቸው አጨበጨቡ። ዶክተሩ ብቻ መዳፉን እንደዘረጋ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አየና ቀስ ብሎ እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ወንበር ተንጫጫ፤ ሕዝቡ ተነሳ። አዴ አሻና ሴቶቻቸው መዳፋቸው ወደ ሰማይ እንደተገለጠ ምንጣፉ ላይ ቀሩ።

ኃላፊው በዘይቱና አጠገብ ሲያልፉ እጇ ሳታዝዘው ተዘረጋና የኮታቸውን ጫፍ ያዘ። አባቷ እንዲህ አድርገው ጎትተው ያስቀምጡ ነበር። እሷ ግን አልጎተተችም፤ ይዛው ብቻ ቀረች። ኃላፊው ቆሙ፣ ፊቷን አዩ፣ አዘኑላት፤ ኪሳቸውን ዳብሰው ብር አስጨበጧትና አላህ ይስጥልን እስክትል ሳይጠብቁ ወጡ።

ፋቲሃውን አልቀራንም እኮ አሉ አዴ አሻ ለቶፊቅ። እሱ ገመዱን እየመለሰ ነበር፤ በጣም ቆንጆ ነበር፣ በቃ አልቋል፣ ለስላሳ ተዘጋጅቶላችኋል አላቸው። የመጨረሻው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀዋል፤ እየሮጠ ወጣ። ጎረምሶቹም ረቢአን ወደ ማድ ቤቱ መለሷት። አዴ አሻ በሩ ድረስ ተከትለው መጡና ከባነሩ ስር ቆመው ለዘይቱና በሹክሹክታ ነገሯት፤ እኔ ብዘጋው አይሆንም፣ የአባትሽን ደንብ ታውቂዋለሽ፣ የበተነው ሰው ተመልሶ ይቀመጥና ይቅራ። እምቢ ካለ ሐሙስ እንደ አዲስ እንጀምራለን። ዘይቱና እሺ አለች። ረቢአ ሐሙስ እንደማትደርስ ሁለቱም ያውቃሉ፤ እሺ የተባለውም ስለሚያውቁት ነው።

ከሰዓት በኋላው ረዘመ። የቆርቆሮው ግለት ወረደባቸው። ዘይቱና ጨርቅ እያራሰች የእህቷን ግንባር ትይዛለች፤ የኃላፊው ብር ምድጃው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፣ ማንም አልነካውም። «አጨበጨቡልኝ እኮ» አለች ረቢአ ድንገት። «ምን ሠርቼ ነው?» ዘይቱና ጨርቁን አገላበጠች። ቆየት ብላ ረቢአ ፋቲሃው ተቀራ ወይ ስትል ጠየቀቻት። ተቀርቷል እታለም አለቻት። ረቢአ ፊቷን አዙራ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ልጆች ሳሉ ዘይቱና ስትዋሽ የግራ ጆሮዋን ትነካ ነበር፤ አሁንም እጇ እዚያ ነው።

የአስር ሶላት ሊደርስ ሲል ባነሩ ተገለጠ። ቶፊቅ ነው፤ ክራቫቱን አውልቋል፣ በፌስታል ከምሳው የተረፈ ሥጋ ይዟል። ጥሩ እንደነበር ተናገረ፣ ኃላፊው መደሰታቸውን ተናገረ፣ በየወሩ ይደረግ መባሉንም። ፌስታሉን የሚያስቀምጥበት አጣና እንደያዘው ቀረ። የተናገረችው ረቢአ ናት፤ አንድ አንድ ቃል እያለች፣ በየመሃሉ እየተነፈሰች።

«ግባና ተቀመጥ። ያቋረጥከው አንተ ነህ። አያትህ ቢኖሩ በጆሮህ ነበር የሚያስቀምጡህ።»

ቶፊቅ ጫማውን አወለቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማድ ቤቱ ገባ፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ አንገቱን ሰበረ፤ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ዙሪያውን ድስቱን፣ ጥላሸቱን፣ መድኃኒቱን፣ በምስማር የተሰቀለውን የአክስቱን ቀሚስ አየ። ከዚያ መዳፉን ዘረጋ። ረቢአ እጇን ማንሳት ስላቃታት ዘይቱና ከስር ደግፋ ዘረጋችላት። ቢስሚላህ አለ ቶፊቅ፣ ጀመረም፤ ድምፁ እንደ ቁርአን ቤት ልጅ ድምፅ ቀጭን ሆነ።

ሁለት አንቀጽ እንዳለ ከውጭ ኮቴ መጣ። ባነሩ አጠገብ ቆመ። «እናንተ ቤቶች፣ ሰው አለ?» አለ የሰው ድምፅ። «ለሶላት የምታጠብበት፣ የውዱእ ውኃ ፈልጌ ነበር።» ዶክተሩ ነው፤ ቦርሳውን አዳራሽ ረስቶ ተመልሶ ነው።

የቶፊቅ አፍ ባለበት ቆመ። ማንም ዝም በሉ አላለም፤ ሦስቱም የለመዱት ነገር ነው። ዘይቱና ትንፋሿን ያዘች። ቶፊቅ የዘረጋውን መዳፍ አጥፎ ከንፈሩ ላይ አደረገ። በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባች የፀሐይ ጨረር ፌስታሉ ላይ አርፋለች። ከውጭ ሰውየው ትንሽ ጠበቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ለራሱ የሆነ ነገር አለ፣ ከዚያ ኮቴው ወደ ግቢው ቧንቧ አቅጣጫ ሄደ። ቶፊቅ በረጅሙ ተነፈሰ። ዘይቱናም ተነፈሰች፤ የእህቷን ሳል ለመስማት ጠበቀች። ሰው ሲርቅ ሁልጊዜ ይሄኔ ትስላለች። ዘይቱና ጠበቀች። ቀጥላም ወደ እህቷ አየች። ነጠላው አፏ ላይ አልነበረም። እጇ በዘይቱና እጅ ላይ እንደተዘረጋ ከብዷል።

ከባድ መኪና በመንገዱ አለፈ፤ የዋናው ቤት መስኮቶች ተንቀጠቀጡ። ቶፊቅ አክስቴ አለ፣ የትኛዋን እንደጠራ ሳይታወቅ። ዘይቱና የእህቷን ዓይኖች በመዳፏ ከደነች፣ አገጯን በነጠላው አሰረች፤ ከዚያ የሟቿን እጅ እንደገና ከስር ደግፋ ዘረጋችው።

«ከመጀመሪያው» አለችው።

ቶፊቅ ጀመረ። ድምፁ ከጥርሱ አላለፈም።

«ጮክ በል» አለችው።

ወደ በሩ አየ፤ ባነሩ ላይ አያቱ በብርሃኑ ውስጥ ከጀርባ በኩል፣ ግራ ቀኛቸው ተገላብጦ ይታያሉ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና ጮክ ብሎ ቀራ፣ እየተሰበረ፣ እየቀጠለ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማው። ሲጨርስ ዘይቱና አሚን አለች። ከውጭ የቧንቧው ውኃ መፍሰሱን አቁሟል። ከባነሩ ማዶ፣ ማን እንደሞተ የማያውቅ፣ እዚያ ሰው መኖሩን እንኳ አሁን ገና የሰማ ሰው፣ ቀስ ብሎ አሚን አለ።